በጀርባህ ያዘልከው

ገሳይ፣ ጥር 13 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለዋልልኝ፤

እንዴት ሰነበትክ? የይፋግ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኔም እናትህም ደህና ነን። ላሟ ወልዳለች፤ ወንድ ጥጃ ነው።

ለጥምቀት ትመጣለህ ብዬ ጋቢህን አጥቤ አስቀምጬልህ ነበር። ታቦቱ ሲወርድ ከሴቶቹ ጋር ቆሜ ዓይኔ መንገዱ ላይ ዋለ። ኋላ ሹፌሩ አዳነ ሚኒባሱን አቁሞ፣ "ሽንኩርቱ ትል ገብቶበት በየሦስት ቀኑ ነው መድኃኒት የሚረጩት፤ አልለቀቁትም" አለኝ። ይሁን። ስልኩ ስለማይሠራ ይህን ወረቀት በእሱ እጅ እልክልሃለሁ። ቢሠራም በስልክ የሚጠየቅ ነገር አይደለም።

ታኅሣሥ ላይ ደብረ ታቦር ክሊኒክ ሄደን ስንመረመር የኔን ውጤት በዚያው ቀን ነገሩኝ። ዶክተር አዲስዓለም፣ "አንቺ ምንም የለብሽም" ሲሉኝ አጠገቤ ነበርክ። ያንተ በማግስቱ ይደርሳል ተብሎ እኔ ወደ ቤት ተመለስኩ፣ አንተ ቀረህ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ይፋግ ወርደህ "ደህና ነው" የሚል ቃል ብቻ ላክህብኝ። ደህና ማለት ምን ማለት ነው? ወረቀቱ ምን ይላል?

የምጠይቅህ እናትህ ስለሚጠይቁኝ ነው። ከተጋባን ስድስት ዓመት ሆነን። ከነገ ጀምሮ ሁለት ሱባዔ ጠበል እንድገባ ብለዋል፤ እገባለሁ። ትናንት ጎረቤቶች ተሰብስበው ሳለ፣ "ልጅ ያልታዘለበት የኔ ምራት ጀርባ መቼም ብርድ አያጣውም" አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ኅዳር ላይ የላክሃቸውን ሁለት የመድኃኒት ጀሪካኖች በአመድም በሳሙናም አጥቤ ሽታቸው አልለቅ ብሎኛል። አንዱን ለውኃ አድርገነዋል፤ በአንዱ እናትህ የኑግ ዘይት አጠራቅመውበታል።

መልስህን እጠብቃለሁ።

ለተሥላሴ


ይፋግ፣ ጥር 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለለተሥላሴ፤

እንደምን ከርመሻል? እናቴስ ወገቧን ተሻላት? ለጥምቀት ባለመምጣቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። መምጣት ፈልጌ ነበር። ጋቢዬን እንዳጠብሽልኝ ሳነብ በጣም ከፋኝ።

ሥራው ያው ነው። ነፋስ ሳይነሣ ገና ጎሕ ሲቀድ እንጀምራለን። እኔና ሞላ ነን የምንረጨው። በጀርባዬ የማዝለው መርጫ ሃያ ሊትር ይይዛል፤ ክዳኑ ስለላላ እየተንጠባጠበ ሸሚዜን ያረጥበዋል። አፍንጫዬን በሻሽ አስራለሁ። መሬቱን ተከራይቶ የሚያሠራን ሲሳይ ጓንት እንዲገዛልን ብንጠይቀው፣ "ጓንት ለሐኪም ነው፤ እናንተ ገበሬዎች አይደላችሁ እንዴ" አለን። ሞላ ሳቀ። ሞላ በሁሉም ነገር ይስቃል።

ጥጃውን "ደመላሽ" በይው። ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት ወይ?

ስለ ውጤቱ ደህና ነው ብዬሻለሁ። የሐኪም ወረቀት የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ እኔ ምን አውቃለሁ።

ጀሪካኑን ግን ለውኃ ባታደርጉት ጥሩ ነው። ዘይቱንም ገልብጡት። ምክንያቱን ስመጣ እነግርሻለሁ። ጠበሉ እንዴት ነው? በዚህ ብርድ እንዳትታመሚ።

ዋልልኝ


ገሳይ፣ የካቲት 20 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለዋልልኝ፤

ጠበሉን ጨርሻለሁ። ብርዱ አልጎዳኝም። አጠገቤ የምትጠመቅ አንዲት የእስቴ ሴት፣ "ለምን መጣሽ?" ብትለኝ "ለልጅ" አልኳት። "ባልሽስ አይጠመቅም?" አለችኝ።

ደብዳቤህን አምስት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ጥጃው ስም ጽፈሃል። አዎ፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት። ስለ ሞላ ሳቅ ጽፈሃል፣ ስለ መርጫው ክዳን ጽፈሃል። ስለ ወረቀቱ ግን ከመጻፍህ በፊት ከማውቀው የጨመርክልኝ የለም። ጀሪካኑን ተዪው ትለኛለህ፤ ምክንያቱን ደግሞ ስመጣ ትላለህ። ለእናትህ ምን ብዬ ነው ዘይታቸውን የምገለብጠው?

እናትህ ልጅ ማጣታችንን ለንስሐ አባታቸው ለመምሬ ካሴ ነግረዋቸዋል። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ይቀመጣል። "ልጄ አንድ ነው፤ እኔ ስሞት ይህን በር የሚከፍተው ማነው?" ይላሉ። ሐሰት አይደለም። እኔ እሳቸውን መጥላት አልቻልኩም። እንጀራ ሲቆርሱልኝ እስካሁን ትልቁን ለኔ ነው፤ "ብይ፣ ምናልባት ሰውነትሽ ሲበረታ" ይሉኛል። ያ ነው የሚያስለቅሰኝ።

ብቻህን የያዝከው ነገር ካለ ንገረኝ። ሌላ ሴት ካለችህም ንገረኝ። ሰምቼ የምሞት ሴት አይደለሁም።

ለተሥላሴ


ይፋግ፣ መጋቢት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለለተሥላሴ፤

ሌላ ሴት የለችኝም። ያንን እስከ መጻፍ መድረስሽን ሳስበው ከዚህ በላይ መደበቅ አቃተኝ። እንግዲህ ስሚኝ።

በማግስቱ ክሊኒኩ ስሄድ ዶክተሩ በሩን ዘግተው አስቀመጡኝ። "የወንድ ዘርህ በጣም ጥቂት ነው፤ ያለውም ደካማ ነው" አሉኝ። አልገባኝም አልኳቸው። "ልጅ ያልመጣው ከሚስትህ አይደለም ማለቴ ነው" አሉ።

ከዚያ ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ። ስንት ዓመት እንደረጨሁ፣ መድኃኒቱን በምን እንደምበጠብጥ፣ በረጨሁበት ልብስ ምሳ እበላ እንደሆነ፣ የት እንደምታጠብ። ስምንት ዓመት አልኳቸው። በእጄ አልኳቸው። እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

"በሰውነትህ ውስጥ ሆርሞን የሚባል አለ" አሉኝ። "ለአካልህ ይህን ሥራ፣ ይህን ተው እያለ የሚያዝዝ ነው። ከምትረጩት ውስጥ አንዳንዱ ሆርሞኑን ይመስልና ሰውነትን ያሳስታል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሥራውን ይከለክለዋል።"

"ታዲያ ለምን አላመመኝም? አንድ ቀን እንኳ ተኝቼ አላውቅም" አልኳቸው።

"የሚያስመልስህ መድኃኒት ቶሎ ያስጠነቅቅሃል። ይኸኛው ሳይሰማህ ነው የሚሠራው። እርግጠኛ ሆኜ ግን እሱ ብቻ ነው ብዬ አልምልልህም፤ ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል። መርጨቱን ሙሉ በሙሉ ተወው፣ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ። ሊሻሻል ይችላል፤ ላይሻሻልም ይችላል። የመድኃኒት ዕቃም ቤት እንዳታስገባ፤ ታጥቦም ቢሆን ለምግብና ለውኃ አይሆንም።" ጀሪካኖቹን ከላክሁ ወር ሆኖኝ ነበር።

ከዚያ ወጥቼ መናኸሪያ ሄድኩ። የገሳዩ ሚኒባስ ሰው እየጠራ ነበር። ወደ ይፋግ የሚያደርሰው የወረታውም አጠገቡ ቆሞ ነበር። የወረታው ላይ ወጣሁ። በቃ፣ ያደረግሁት ይኸው ነው።

ስድስት ዓመት ሲሰድቡሽ ዝም ያልኩት እኔም በልቤ ከአንቺ ነው ብዬ ስለማምን ነበር። ይህንን ከውጤቱ በላይ አፍርበታለሁ። አሁንም እየረጨሁ ነው። ባቆም ለምን አቆምክ ይሉኛል።

ለእናቴ አትንገሪያት። ለፋሲካ እመጣለሁ፤ ራሴ እነግራታለሁ። እስከዚያ ብቻ ቻይኝ።

ዋልልኝ


ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዋልልኝ፤

ለፋሲካ አልመጣህም። መንገዱ ከወረታ ወዲህ ተዘግቶ እንደነበር አዳነ ነግሮኛል። በማግስቱ እንደተከፈተም ነግሮኛል።

ከአድራሻው እንደምታየው እቤትህ አይደለሁም። ወንድሜ አስናቀ ዘንድ ነኝ። እንዴት እንደሆነ ከሌላ ሰው ከምትሰማ ከኔ ስማ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቀን ዘይቱን ደፋሁት። ሁለቱንም ጀሪካን ማንም እንዳይጠቀምባቸው በምሳር ቀደድኳቸው። እናትህ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የጾም ዘይታቸው መሬት ጠጥቶት አገኙት። "ምን አድርጌሽ ነው?" አሉኝ። አልተቆጡም፤ እንደዚያ ብቻ ነው ያሉት። አትንገሪ ብለሃልና ዝም አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ክፉ ሴት እንደሆንኩ አመኑ።

የዳግም ትንሣኤ ዕለት ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እናትህ፣ "ልጅ አለመውለዷን እግዜር ነው ብዬ ችዬ ነበር። ይህ ግን ተንኮል ነው፤ በተንኮል አብሬ አልኖርም" አሉ።

መምሬ ካሴ ወደኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ዘይቱን ለምን ደፋሽው?"

"ሽታ ነበረው" አልኳቸው።

"ሌላ የምትዪው አለሽ?"

ደብዳቤህ ቀሚሴ ውስጥ ነበር። እጄን ከነጠላዬ ሥር ሰድጄ ይዤው ነበር። "የለኝም" አልኩ። ራርቼልህ አይምሰልህ። ካንተ አፍ ካልወጣ፣ ልታመልጥ ባሏን በወረቀት ከሰሰች ነበር የሚሉት።

አስናቀ መጥቶ ሣጥኔን ያዘልኝ። እናትህ እስከ መንገዱ ድረስ ሸኙኝ። ያለቅሱ ነበር። እያለቀሱ አባረሩኝ።

ስለ ሙቀቱና ስለ ጥጃው አትጻፍልኝ። የምትጽፍ ከሆነ ያደረግከውን ጻፍ።

ለተሥላሴ


ገሳይ፣ ሰኔ 6 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተሥላሴ፤

ተናግሬያለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቀን መርጫውን ሲሳይ በር ላይ አስቀመጥኩት። "ታመምክ እንዴ?" አለኝ። "አዎ" አልኩት። "ምንህን?" ሲለኝ ነገርኩት፤ ሞላም ቆሞ ይሰማ ነበር። ሲሳይ፣ "እኔ ስድስት ወልጃለሁ እኮ፤ ማሳው የኔ አይደለም እንዴ?" አለ። "አንተ ማሳው ዳር ነው የምትቆመው" አልኩት። ሞላ በዚያን ቀን አልሳቀም።

እቤት ደርሼ ለእናቴ ብቻ ልነግራት እችል ነበር። እሁድን ጠበቅሁና ከቅዳሴ በኋላ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ደጀ ሰላሙ ላይ እንዲቀመጡልኝ ለመንኳቸው፤ እናቴም ነበረች። "ልጅ ያጣነው ከኔ ነው፤ የሐኪም ወረቀቱ ይኸው። ለተሥላሴ ታውቅ ነበር፤ ዝም ያሰኘኋት እኔ ነኝ። ዘይቱን የደፋችው የመርዝ ዕቃ ውስጥ ስለነበረ ነው" አልኩ። እንዴት እንደወጣልኝ አላውቅም።

መምሬ ካሴ፣ "ልጄ፣ ለእናትህ ብቻ ብትነግራት አይበቃም ነበር?" አሉኝ።

"ለተሥላሴ ስትወጣ እናንተም ነበራችሁ አባቴ" አልኳቸው።

እናቴ ተነሥታ ሄደች። ሦስት ቀን አላናገረችኝም። በአራተኛው ቀን ገብስ እያበጠረች ሳለ ድንገት፣ "የምትልክልን ሽንኩርት ያው የምትረጨው ነበር?" አለች።

"አዎ።"

"ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ በሆዷ ይዛ ነው ፊቴ የተቀመጠችው?"

"አዎ።"

ሰፌዱን አስቀምጣ ወጣች። በረት ውስጥ ሆና ስታለቅስ ሰማኋት፤ ልሂድ ወይስ ልተዋት እያልኩ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ገበያ ስወጣ ሰዎች ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። አንዱ ተደግሞበት ነው ብሎ አስወርቷል። ሆኖም ድንች የሚረጩ ሁለት ጎረምሶች ለየብቻቸው መጥተው ክሊኒኩ የት እንደሆነ ጠይቀውኛል። እኔ አሁን የእናቴን ማሳ አርሳለሁ። ኅዳር ላይ እንደገና እመረመራለሁ።

ትመለሻለሽ? ለመጠየቅ መብት እንደሌለኝ አውቃለሁ። ጠየቅሁሽ።

ዋልልኝ


ደብረ ታቦር፣ ነሐሴ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለዋልልኝ፤

መልሴ ዘግይቷል። አሁን ግን እናትህ መጥተው ስለነበር ልጻፍልህ።

ከአስናቀ ቤት ወጥቼ አንዲት ክፍል ተከራይቻለሁ። ዩኒቨርሲቲው አካባቢ ብዙነሽ የምትባል ሴት ምግብ ቤት ውስጥ እሠራለሁ። ተማሪዎች የሚፈላ ሽሮ በፌስታል ቋጥረን እንድንሰጣቸው ይጠይቁናል። እኔ አልቋጥርም፤ ስላንተ ጉዳይ የክሊኒኩን ዶክተር ልጠይቅ ሄጄ ሳለ ትኩስ ምግብ ላይ ፕላስቲኩ ሆርሞን የሚያሳስት ነገር እንደሚለቅ ነግረውኛል። ብዙነሽ መጀመሪያ፣ "አንቺ ደግሞ ሁሉን ትፈሪያለሽ" አለችኝ። ልከራከራት አልፈለግሁም፤ ስድስት ዓመት የሆነብኝን ነገርኳት። አሁን ሳህን ያላመጣ እዚያው ይበላል። ደንበኛ ቀንሶብናል።

የፍልሰታ ጾም በተፈታ በሁለተኛው ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ እናትህ በዝናብ በስብሰው በሩ ላይ ቆሙ። ብዙነሽን፣ "አሰለፈች እባላለሁ፤ ምራቴን ፈልጌ ነው" አሏት። ቤቱ በተማሪ ተሞልቶ ነበር። እጄ ሊጥ ነበር፤ እንደዚያው ሆኜ ወጣሁ።

"አንቺን የበደልኩ እኔ ነኝ" አሉኝ ሁሉ እየሰማ። "ጀርባሽን እንደዚያ ብዬ ሰድቤዋለሁ። የልጄ ጀርባ ምን እንደተሸከመ አላውቅም ነበር።"

እንዲቀመጡ አድርጌ እግራቸውን አደረቅሁላቸው። "ነዪ እንሂድ" አሉኝ። ይቅርታውን ተቀበልኩ፤ አብሬያቸው ግን አልሄድኩም። ሲለዩኝ መላልሰው ዞረው አዩኝ።

ወደ ገሳይ አልመለስም ዋልልኝ። እናትህን ተቀይሜ አይደለም። እዚያ ቤት ውስጥ የሆዴን የማወራው ሰው አልነበረኝም፤ አንተም ነበርክ፣ ግን አልነበርክም። እዚህም ብቻዬን ነኝ። ክፍሌ ገብቼ የማናግረው ሰው ስለማይኖረኝ አንዳንዴ የብዙነሽን ዕቃ ሳጥብ ሆን ብዬ እዘገያለሁ። ግን እዚህ ማንም እንደ ጥፋተኛ አያየኝም።

ኅዳር ላይ ስትመጣ አሳውቀኝ።

ለተሥላሴ


ገሳይ፣ ኅዳር 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተሥላሴ፤

የምርመራው ቁጥር ጨምሯል፤ ግን አልበቃም። ዶክተሩ፣ "መሻሻሉ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሌላ ስድስት ወር እንጠብቅ" አሉኝ። ልጅ ይመጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ተስፋ አለ እልሃለሁ እንጂ ቃል አልገባልህም" አሉ።

ሳላሳውቅሽ መጥቼ መሄዴን መንገድ ላይ ያገኘኝ አስናቀ ነግሮሽ ይሆናል። ከክሊኒኩ ስወጣ እስከ ምግብ ቤቱ መጣሁ። ከመንገዱ ማዶ ቆሜ አየሁሽ። ጠረጴዛ ትወለውዪ ነበር፤ ቀጥነሻል። ወረቀቱን ይዤ ልገባ አስቤ ነበር፤ ግን ቁጥሩ ትንሽ ነው፣ ምን ብዬ ልግባ? አዳነ የሚኒባሱን ጥሩንባ ሲነፋ ሄድኩ።

ዕድሜሽ ሃያ ዘጠኝ ነው። የኔን ወረቀት ስትጠብቂ ዕድሜሽ እንዲያልፍ አልፈልግም። ሌላ ትዳር ብትፈልጊ ሽማግሌ ፊት ራሴ ቀርቤ እለቅሻለሁ፤ ነውር እንዳይሆንብሽ ምክንያቱ እኔ መሆኔን እናገራለሁ። አሁን መናገር ለምጃለሁ።

ሞላ ከይፋግ መጥቶ ነበር። እሱም ትቶታል። ሚስቱ ሁለተኛ ፅንስ ወርዶባት፣ ከመድኃኒቱ ይሁን አይሁን የሚነግራቸው አጥተዋል። አንድ ቀን አብረን ገብስ አጨድን።

ዋልልኝ


ደብረ ታቦር፣ ታኅሣሥ 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለዋልልኝ፤

ሌላ ትዳር ያልከውን አስቤበታለሁ። አላሰብኩም ብዬ አልዋሽህም። የአስናቀ ሚስት ሚስቱ የሞተችበት አንድ መምህር ጠቁማኝ ነበር፤ ሁለት ሕፃናት አሉት። አንድ ቀን ምሳ ሊበላ መጣ፤ ጨዋ ሰው ነው። ሲሄድ ሳህኑን አነሣሁ፤ ስለሱ ሌላ የማስበው ነገር አጣሁ። ለአስናቀ ሚስት ይቅርብኝ አልኳት።

አንድ ነገር ግን አልተረዳህም። እኔ የምጠብቀው ልጅ ይመስልሃል። ልጅ እፈልጋለሁ፤ የሰው ልጅ ሲታዘል ሳይ ዛሬም ፊቴን አዞራለሁ። ነገር ግን የጎዳኝ ቁጥሩ ማነሱ አይደለም። ያን ቀን መናኸሪያ ላይ የገሳዩን ሚኒባስ ትተህ የወረታውን መያዝህ ነው። ኅዳር ላይም ከመንገድ ማዶ ቆመህ ያንኑ ደገምከው። ትንሽ ቁጥር ይዘህ ብትገባ ኖሮ ምን ልልህ ነበር? ቁጭ በል፣ ምሳ ብላ ነበር የምልህ።

ለወረቀት ስትል አትምጣ። ስድስት ወርም አትቁጠር። እዚህ የሸክም ሥራም የግንባታ ሥራም አይጠፋም፤ እናትህን በየሳምንቱ እየወጣህ ማየት ትችላለህ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ሁለት ሰው ግን ትይዛለች።

ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው። የምትመጣ ከሆነ ሲመሽ አትምጣ፤ ከማዶም አትቁም። ተማሪው ሞልቶ፣ ብዙነሽም በሯ ላይ ቆማ ሳለች፣ በቀን ና። ሰው እያየህ ግባ።

ለተሥላሴ